ወልጋዳዋ ጥርስ

ደባርቅን ለቆ ወደ ዛሪማ የሚወርደው መኪና የመጀመሪያውን ጥምዝ ሲይዝ ተሳፋሪው ሁሉ ወሬውን ያቆማል። ሊማሊሞ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ፈልፍሎ ያወጣው መንገድ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል፤ በአንድ ወገን ጥቁር ግድግዳ፣ በሌላው ወገን ባዶ ሰማይ። ከዓመታት በፊት፣ መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ፣ ሹፌራችን ፍሬኑን ሊያቀዘቅዝ ከጥምዞቹ በአንዱ ላይ ቆመ። ሰው ወርዶ ወገቡን ሲያፍታታ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው የምለው ልጅ ጋቢውን እንደተከናነበ ከቋጥኝ ጀርባ ብቅ አለ።

«ጋሼ፣ ጥርስ ይግዙኝ።»

መዳፉን ዘረጋ። አምስት ድንጋዮች ናቸው፤ ነጫጭ፣ ጫፋቸው የሾለ፣ ፀሐይ ሲያገኛቸው የሚያብለጨልጩ።

«የምን ጥርስ ነው?»

«የዘንዶ።»

እኔም ኪሴ ውስጥ ጥርስ ነበረኝ። ከተጠቀለለችበት ወረቀት ፈትቼ መዳፉ ላይ አኖርኩለት። ልጁ አገላበጣት፤ ዳሯን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤ ወደ ፀሐይ አንሥቶ አያት። ከዚያ መለሰልኝ።

«ይቺ ተጣማለች» አለ። «ማንም አይገዛዎትም።»

ነጋዴ ነውና ዕቃ ያውቃል። በዚህች ዕቃ ግን ተሳስቷል፤ ከብዙ ቀጥ ያሉ ጥርሶች መካከል ተመርጣ የመጣችው ስለተጣመመች ነበር።

ጥርሷ የሻርክ ናት፤ የመጣችው ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ ነው። የአክስቴ ልጅ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል። እንደ ብዙው የዋሽንግተን ዙሪያ ሐበሻ ሳምንቱን ሲሮጥ ሰንብቶ ዕረፍት ባገኘ ቀን ልጆቹን ጭኖ ካልቨርት ክሊፍስ ወደሚባል ፓርክ ይነዳል። እዚያ ጫካውን በእግር አቋርጠው ወደ ቼሳፒክ ሰላጤ ይወርዳሉ። በዳርቻው የቆመው የአፈር ገደል ከ10 እስከ 20 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው የባሕር ወለል ነው። ማዕበልና ዝናብ በሸረሸሩት ቁጥር የሻርክ ጥርስ ከገደሉ እየወጣ አሸዋው ላይ ይበተናል። ገደሉ ሥር መሄድም ሆነ ገደሉን መቆፈር ክልክል ነው፤ ይናዳል። ውኃው አሸዋ ላይ የተፋውን ግን ያገኘ ይወስዳል። ልጆቹ ወንፊት ይዘው ዳር ዳሩን ይንበረከኩና እናቶቻችን ዱቄት እንደሚነፉ አሸዋ ሲነፉ ይውላሉ።

ከወንፊቱ የሚቀረው አብዛኛው ቀጥ ያለ፣ ሹል፣ መልከ መልካም ጥርስ ነው። ጀማሪ ሰው የሚደሰተው በእሱ ነው። በዚህ ሥራ ጥርሳቸውን የነቀሉት ግን ዓይናቸው ሌላ ነገር ይፈልጋል፤ ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ ወገቡ የተቆለመመ፣ ዳሩ የተጎረደ። እንዲህ ያለው ብርቅ ነው። አንድ ሰው ዓመታት ሙሉ ለቅሞ በስተርጅና የሚኖረው አንዲት ትንሽ ብልቃጥ የማይሞላ ይሆናል።

የእኔዋ የአውራ ጣቴን ጥፍር ታህላለች። ቀለሟ ከቡናማ ወደ ግራጫ ያደላል፤ ሥሯ እንደ ባላ ለሁለት ተከፍሏል። ጫፏ ንጹሕ ነው፤ ከማንኛዋም ጤነኛ ጥርስ አይለይም። ወገቧ ላይ ሲደረስ ግን በቀኝ ዳሯ ትንሽ ስርጉዳት አለ። ከስርጉዳቱ የሚነሣ ቀጭን እጥፋት፣ ልብስ ሰፊ እጁ ተንቀጥቅጦ የሳተው ስፌት ይመስል፣ ወደ ሥሯ ይወርዳል። ከዚያ በታች መላ አካሏ ወደ ግራ ዘምሟል። ለምን እንዲህ እንደሆነች ለመንገር መጀመሪያ የልጁን «ጥርስ» ነገር መጨረስ አለብኝ።

ጥቁሩ ክዳን

የዘንዶ ጥርስ ያላቸው ድንጋዮች ጥርስ አይደሉም። የሊማሊሞ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እዚህ ምድር ተሰንጥቆ የቀለጠ ድንጋይ ፈሰሰ፤ ቀዘቀዘ፤ በላዩ ሌላ ፈሰሰ። መኪና ውስጥ ሆኖ ግድግዳውን ያስተዋለ ሰው ንብብሮቹን እንደ እንጀራ ክምር መቁጠር ይችላል። ይህ መንገድ ለዓለም የሥነ ምድር ሰዎችም እንግዳ አይደለም። ከሊማሊሞና ከወገል ጤና የተወሰዱ ናሙናዎች ተመርምረው እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር በተባለው መጽሔት የታተመው ጥናት፣ የኢትዮጵያን ደጋ የሸፈነው ጥቁር ድንጋይ አብዛኛው የፈሰሰው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ መሆኑን አሳየ። ለእኛ ዘላለም ነው፤ ለምድር የአንድ ቀን ሥራ።

የፈሰሰው ድንጋይ ሲቀዘቅዝ በውስጡ የነበረው ጋዝ አረፋ ሆኖ ይቀራል። ኋላ ማዕድን የተሸከመ የሞቀ ውኃ በስንጥቁ ሰርጎ አረፋዎቹን ይሞላቸዋል። ነጩ፣ ሹሉ፣ የሚያብለጨልጨው ነገር እዚያ ባዶ ቤት ውስጥ ቀስ ብሎ ያደገ ዚዮላይት የሚባል ማዕድን ነው። ጥርስ ለመምሰል ምንም አልጎደለውም፤ የጎደለው አፍ ብቻ ነው። በቀለጠ ድንጋይ ውስጥ ዓሣ አይዋኝም።

ከዚህ በላይ የቆመው የሰሜን ተራራም የዚሁ ሥራ ነው። ራስ ደጀንን ከ4,500 ሜትር በላይ ያነሣው፣ ለዋልያና ለጭላዳ ገደል የሠራላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ብሔራዊ ፓርክ፣ በ1978 ደግሞ የዓለም ቅርስ ያሰኘው ይህ እስከ 3,000 ሜትር የሚወፍር የጥቁር ድንጋይ ክምር ነው። ከሥሩ የነበረውን ምድር ሁሉ እንደ እንቅብ ከድኖታል። ለደባርቅ ልጅ ትልቅ ዓሣ ማለት በጾመ ነነዌ የሚነገርለት፣ ዮናስን የዋጠው ዓሣ አንበሪ ነው። ባሕር ሩቅ ነው፤ ወሬ ነው።

ግን ከአዲስ አበባ በዓባይ በረሃ በኩል በመኪና ደባርቅ የደረሰ ሰው ሁሉ፣ አወቀም አላወቀም፣ በባሕር ወለል ላይ ነድቷል።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን

የዓባይን በረሃ የሚያቋርጥ ተሳፋሪ ብዙ ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚያቋርጠው። ዓይኑን ቢገልጥ የሚያየው ይህን ነው። ከጎሐ ጽዮን ሲወጣ በመጀመሪያ ጥቁሩ ድንጋይ አለ። ጥቂት ወርዶ ቀለሙ ይለወጥና ነጣ ያለ፣ በእኩል በእኩል የተደረደረ በሃ ድንጋይ ይጀምራል። ከእሱ በታች ጀሶ የሚወጣበት ንብብር፣ ከታች ወንዙ አጠገብ ደግሞ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ። ወንዙን ተሻግሮ ወደ ደጀን ሲወጣ ያው መጽሐፍ ወደ ኋላ ይነበባል።

በሃ ድንጋዩ የባሕር ሥራ ነው። ከ160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ባሕር ከደቡብ ምሥራቅ ተነሥቶ የዛሬይቱን ኢትዮጵያ ብዙውን ክፍል ሸፈነ። የቀንድ አውጣ ዘመዶች፣ ዛጎሎች፣ ዛጎል ለባሽ የባሕር ጃርቶች ኖረው ሲሞቱ ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ ተጫኑ፤ ድንጋይ ሆኑ። ይህን ድንጋይ ለዓለም ያስተዋወቀው ብላንፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ከመጣው የናፒየር ጦር ጋር ወደ መቅደላ ሲጓዝ ወታደሩ መንገድ ሲያይ እሱ ድንጋይ ያይ ነበር። በትግራይ ላየው በሃ ድንጋይ የእንጣሎን፣ ከሥሩ ላለው የአሸዋ ድንጋይ የአዲግራትን፣ ለላይኛው ጥቁር ድንጋይ ደግሞ የመቅደላንና የአሸንጌን ስም ሰጠ። ስሞቹ እስከ ዛሬ በሥነ ምድር ካርታ ላይ አሉ። ሩቅ የሚመስለውም ነገር በእጃችን ያለ ነው፤ የሙገር ሲሚንቶ የሚፈጨው ከዚያ ባሕር ወለል ነው። ቤቱን በሲሚንቶ የለሰነ ሰው የሻርክ መዋኛ ግድግዳው ላይ ለጥፏል።

ሻርኮቹስ? አጽማቸው አጥንት አይደለም፤ እንደ ጆሯችን ለስላሳ ነው። ሲሞቱ ይበሰብሳል። ከአንድ ሻርክ ለሚሊዮን ዓመታት የሚቀረው፣ በጣም ዕድለኛ ካልሆነ በቀር፣ ጥርሱ ብቻ ነው። ጥርሱ ደግሞ በዝቷል፤ ሻርክ ጥርሱን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ሲጥልና ሲያበቅል ይኖራል።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ማርክ ጉድዊንና ዊልያም ክሌመንስ የተባሉ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ የዓባይ ገባር በሆነው በጀማ ሸለቆ የፈለጉት ይህንኑ ዓይነት ነገር ነበር። ከበሃ ድንጋዩ በላይ ያለውን፣ ባሕሩ ከሸሸ በኋላ ወንዞች ያከማቹትን የጭቃ ድንጋይ ያዙ፤ ስሙም ከሙገር ወንዝ የተወሰደ ነው። ደቃቅ ጥርስ ለማግኘት በእንዲህ ዓይነቱ ቦታ የሚሠራበት ዘዴ የአክስቴ ልጅ ልጆች ከሚያደርጉት ብዙም አይርቅም፤ ጭቃው በውኃ ይዘፈዘፋል፣ በወንፊት ይታጠባል፣ የቀረው ደርቆ ፍሬ በፍሬ በአጉሊ መነጽር ይለቀማል። እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ጽሑፍ እንደሚለው ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ካለው ከዚያ ጭቃ የዳይኖሰር ጥርስ፣ የኤሊና የአዞ ቅሪት፣ በሳንባው የሚተነፍስ ዓሣ፣ እንዲሁም ሂቦዶንት የሚባሉ፣ ዛሬ ከዘር የጠፉ ሻርኮች ጥርስ ወጣ። የአማራን ምድር የሻርክ ጥርስ ማየት የሚሻ ሰው ሰሜን ተራራ ላይ አይድከም፤ ጀማ ይውረድ።

ለደባርቅ የቀረበው የቅሪተ አካል ስፍራ ግን ሌላ ነው፤ ከጎንደር በስተ ምዕራብ ያለው ጭልጋ። በጓንግ ወንዝ አካባቢ ከ27 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖሩ እንስሳት ተቀብረዋል። ጥቁሩ ድንጋይ ፈስሶ፣ ቀዝቅዞ፣ ደን ከበቀለበት በኋላ በላዩ የተራመዱ ናቸው። ጆን ካፔልማን፣ ሙሉጌታ ፍስሐና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 በኔቸር መጽሔት ላይ ይፋ ያደረጓቸው እነዚህ እንስሳት የዝሆን ቀደምት ዘመዶችና አፍንጫው ላይ ሁለት ግዙፍ ቀንድ የተሸከመው አርሲኖይቴሪየም ይገኙባቸዋል። ያን ጊዜ አፍሪካና ዓረቢያ ከሌላው ዓለም የተቆረጠ አንድ ደሴት ነበሩ። ከግኝቶቹ አንዱ ለሳይንስ ፍጹም አዲስ ሆኖ ተገኘና ጭልጋቴሪየም ተባለ፤ ማንነቱም የታወቀው ከጥርሱ ነው። የአይከል ገበያተኛ በየሳምንቱ የሚረግጠው ምድር ስም በዓለም የእንስሳት መዝገብ የገባው በጥርስ ምክንያት ነው ማለት ነው።

ጥርስ የሚሠራበት ቤት

ጥርስን እንደ ሰነድ ማንበብ የተጀመረውም በሻርክ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1666 የጣሊያን ዓሣ አጥማጆች በሊቮርኖ አቅራቢያ ግዙፍ ሻርክ ያዙ። የቶስካናው መስፍን ጭንቅላቱ ፍሎረንስ እንዲመጣለት አዘዘና ኒኮላስ ስቴኖ ለተባለ ዴንማርካዊ ሐኪም ሰጠው። ስቴኖ መንጋጋውን ሲገልጥ ያያቸው ጥርሶች ከማልታ ደሴት እየተቆፈሩ የመርዝ ማርከሻ ተብለው ከሚሸጡት «የምላስ ድንጋዮች» ጋር አንድ ሆኑበት። ድንጋይ የተባሉት ጥርስ ነበሩ፤ ደረቁ ተራራም ባሕር ነበር። ይህን የጻፈበት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1667 ታተመ። በዚያው ዓመት ጎንደር ቆርቋሪዋን አፄ ፋሲልን በሞት አጣች። ሁለት ዓመት ቆይቶ ስቴኖ ዛሬ ማንኛውም የሥነ ምድር ተማሪ የሚጀምርበትን ሕግ ጻፈ፦ ንብብር ሲነባበር የታችኛው ከላይኛው ይቀድማል። የዓባይን በረሃ የምናነብበት ፊደል ይህ ነው።

የወልጋዳዋ ጥርስ ምሥጢር ያለው ግን ከንብብሩ በፊት፣ ሻርኩ በሕይወት ሳለ ነው።

የሻርክ ጥርስ እንደ እኛ ጥርስ መንጋጋ አጥንት ውስጥ አልተተከለም፤ ድድ ነው የያዘው። ከፊት የቆመው ጥርስ ከኋላው ተተኪዎች ተሰልፈውለታል፤ ወፍጮ ቤት በር ላይ እንደተሰለፈ ሰው የፊተኛው ሲሄድ ኋለኛው ይጠጋል። የሰልፉ መነሻ ከመንጋጋው ውስጠኛ ግድግዳ ከድዱ ሥር የተሸሸገ ስስ ሥጋ ነው። እያንዳንዱ ጥርስ እዚያ ይወጠናል። መጀመሪያ የሚሠራው ጫፉ ነው፤ ከዚያ ወገቡ፤ በመጨረሻ ሥሩ። አንዴ ጠንክሮ ከወጣ በኋላ የሚታረም ነገር የለም።

ሻርኩ ጅራቷ መርዛም እሾህ ያለባትን ዓሣ ሲነክስ እሾሁ ድዱን በስቶ ያንን ስስ ሥጋ ሊያገኘው ይችላል። ይህ ግምት ብቻ አይደለም። ጋጀር የተባለ አሜሪካዊ የዓሣ ሊቅ መንጋጋው፣ ጉሮሮውና ጭንቅላቱ ውስጥ ከሃምሳ በላይ እንዲህ ያለ እሾህ ተሰክቶ የተገኘ መዶሻ ራስ ሻርክ መዝግቧል፤ እ.ኤ.አ. በ1937 ደግሞ ስለ ሻርኮች የተዛባ ጥርስ ሰፊ ጽሑፍ አሳተመ። የቆሰለው ሥጋ ጥርስ መሥራቱን አያቆምም፤ የሚሠራው ግን ጠማማ ነው። ቁስሉ ከዳነ ቀጣዩ ጥርስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ጠባሳው ከቀረ በዚያ ሰልፍ የሚመጣው ጥርስ ሁሉ፣ ሻርኩ እስኪሞት፣ ያንኑ ጉድለት ይዞ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 በሰሜን ካሮላይና የሚገኙ ተመራማሪዎች ለሁለት የተከፈለ የሜጋሎዶን ጥርስ ውስጡን በራጅ አንብበው ባሳተሙት ጥናት ከጠረጠሯቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የእሾህ ቁስል ነው። ሜጋሎዶን ዓሣ አንበሪ የሚበላ የሻርኮች ሁሉ ግዙፍ ነበር። የእጅ መዳፍ የሚሞላ ጥርስ ያለውን አውሬ እንኳ አንዲት እሾህ ታሸንፈዋለች።

ታዲያ ከሞት በኋላ የተሰበረውን በሕይወት ከተወላገደው በምን ይለዩታል? በልባሱ። የጥርስን ገጽ የሚያለብሰው ጠንካራ ሽፋን ድንጋይ ሥር ሆኖ ሲሰበር ይቆረጣል፤ ስብራቱ ውስጥ ያለው ልል አካል ይታያል። በሕይወት የተወላገደው ላይ ግን ልባሱ አይቋረጥም፤ ወደ ስርጉዳቱ ይገባል፣ እጥፋቱን ይከተላል፣ ጠማማውን ሁሉ አልብሶ ይጨርሳል። የእኔዋን በጥፍሬ ስዳስሳት ስርጉዳቷ ልሙጥ ነው። ታሪኳ ከጫፍ ወደ ሥር ይነበባል፦ ንጹሑ ጫፍ የተሠራው በሰላም ቀን ነው፤ ስርጉዳቱ ድዱ የቆሰለበት ቀን ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ቁስለኛው ድድ እንደ ምንም የጨረሰው ሥራ ነው። ቀጥ ያለ ጥርስ የማን እንደሆነ ብቻ ይነግራል። ወልጋዳው አንድ ቀን ምን እንደደረሰበትም ይናገራል።

ዳባት፣ ቶና ላይ

አማርኛችን ለጥርስ መልክ ስም አይቸግረውም። ፍንጭቱን እናወድሳለን፣ በገጣጣው እናሾፋለን፣ ለወልጋዳው እናዝናለን፤ ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶች ሲስቁ ደግሞ ነጩ ከጥቁሩ ጋር ያምራል። ሊማሊሞ ከመድረሴ ሁለት ቀን ቀደም ብዬ ዳባት እንዲህ የሚስቁ አሮጊት ቤት ቡና ላይ ተቀምጬ ነበር። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ ጥርሷን አውጥቼ አሳየኋቸው።

«አንቱ ብዙ ያዩ ነዎት፣ እማማ። ይህ ምን ይመስልዎታል?»

ወደ በሩ ብርሃን ይዘዋት ዞሩ።

«ይሄማ ግግ የወጣለት ልጅ ጥርስ ነው።»

«የዓሣ ጥርስ ነው፣ እማማ።»

«ዓሣም ግግ ያወጡለታል?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እሳቸው ግን ብዙ አልሳቁም። ሲኒውን አስቀመጡና «ለበኩር ልጄ አስወጥቻለሁ» አሉ። «ተቅማጥና ትኩሳት ይዞት፣ ጡት እንቢ ብሎ። ድዱ ላይ ነጭ አበጠ፤ ትል ነው አሉን። ሴትዮዋ በወስፌ ፈለፈለችው። ልጁስ ዳነ፤ ክራንቻው ግን ሲበቅል እንዲህ ሆኖ በቀለ። አሁን የልጆች አባት ነው፤ ሲስቅ እስከ ዛሬ አፉን በእጁ ይከልላል።»

ግግ ማውጣት፣ ወይም የወተት ጥርስ መንቀል፣ በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢ የቆየ ልማድ ነው። ሕፃኑ ጥርስ ሊያበቅል ሲል ድዱ ያብጣል። ጊዜው መዳህ የሚጀምርበትና የወደቀ ሁሉ ወደ አፍ የሚገባበት ስለሆነ ተቅማጡም በዚያው ይመጣል። ሁለቱ አብረው ሲታዩ ጥፋቱ ወደ ድድ ይዞራል። ተፈልፍሎ የሚወጣው «ትል» ገና ያልጠነከረ የክራንቻ እምቡጥ ነው። ደም መፍሰስ፣ ቁስል ማመርቀዝ፣ መንጋጋ ቆልፍ ከዚያ ይከተላሉ። ሕፃኑ ከተረፈ ደግሞ ሒሳቡ ከዓመታት በኋላ ይመጣል፤ ከወተት ጥርሱ አጠገብ ገና እየተወጠነ ያለው የቋሚው ክራንቻ እምቡጥ በዚያው ብረት ከተነካ ጥርሱ ተወላግዶ ይበቅላል፣ ወይም ጭራሹን አይበቅልም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በእስራኤል የልጆች ጥርስ ሐኪሞች ከኢትዮጵያ የገቡ የቤተ እስራኤል ልጆችን ሲመረምሩ የወተት ክራንቻ የጎደላቸው ብዙ ልጆች አገኙ፤ በአጎራባች ጥርሶች ላይም የዚያ ጉዳት ምልክት አዩ። የዚያ ማኅበረሰብ አሮጌ አገር ሰሜንና ወገራ፣ ይኸው የዳባትና የደባርቅ ዙሪያ ነው።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561 እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ ማውጣትን ለሞት በሚያበቁ ጎጂ ልማዶች ዝርዝር ውስጥ በስም ጠርቷቸዋል። ለእማማ ግን የሕጉን አንቀጽ መጥቀስ አላስፈለገኝም። ከመጻሕፍት ተምሬ ልነግራቸው ያሰብኩትን እሳቸው ጥርሷን እንዳዩ ጨርሰውታል፤ ጥርሱ ምንም አላጠፋም፣ የተወጋው ድዱ ነው።

«እህስ» አሉ በረካውን እየቀዱ፣ ጥርሷን ሲመልሱልኝ፤ «ዓሣውን ማን ወጋው?»

ድንጋይም ድድ አለው

ሜሪላንድ ውስጥ የቅዳሜ ጨዋታ የሆነው እኛ ዘንድ በሕግ የተያዘ ነው። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅሪተ አካልን ከቅርስ ይቆጥራል። ያለ ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው፤ በአጋጣሚ ያገኘም ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ አለበት። የሉሲ አገር እንዲህ ያለ ሕግ ማውጣቷ አይገርምም። ብዙ ሰው ሕጉን የሚረዳው «ውድ ነገር እንዳይሰረቅ» በሚለው ብቻ ነው። የጀማ ደቃቅ ጥርስ ግን ገበያ ላይ ብትወጣ ስንት ታወጣለች? ዋጋዋ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ጭልጋን እንውሰድ። እነዚያ ጥርሶች 27 ሚሊዮን ዓመት መባላቸው ጥርሱ ላይ ተጽፎ አይደለም። አብሯቸው በተነባበረው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው ዕድሜያቸው የተቆጠረው። የጀማው ጭቃ ዘመንም የታወቀው አብሮ በተቀበረ የአበባ ዱቄትና የእጽዋት ዘር ብናኝ ነው። ጥርሷን አንሥቶ ንብብሯን ያልመዘገበ ሰው ጥርስ እንጂ ዘመን አልያዘም። ቦታዋ የት እንደነበር፣ ከላይዋ ምን፣ ከታችዋ ምን እንደነበር ካልታወቀ የስቴኖ ፊደል አይነበብላትም። ድንጋዩም ድድ ነው፤ በወስፌ የፈለፈለው ሰው የሚያበላሸው ያወጣውን ብቻ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ሊበቅል የነበረውን ዕውቀት ነው።

ይህን እያሰብኩ ሊማሊሞ ላይ ልጁን ጠየቅሁት።

«እነዚህን ከየት አወጣሃቸው?»

ይዋሸኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን እጄን ይዞ ወደ ግድግዳው ጎተተኝ። ደረቱ ቁመት ላይ ጥቁሩ ድንጋይ በትንንሽ ጉድጓዶች ተበሳስቷል።

«ይቺ ከዚች» አለ አንዱን እያሳየ። «እነዚህ ሁለቱ ከዚያች ከላይኛዋ። ይቺን ትናንት ነው፣ ከዝናቡ በኋላ።»

እንዳላምነው ጠርጥሮ ትልቋን ድንጋይ ወደ ጉድጓዷ መለሰና በመዳፉ ጫን አደረጋት። ልክ ገባች። ቀዳዳ እንኳ አልታየም፤ ከግድግዳው የበቀለች ክራንቻ ሆና ቀረች።

የእኔዋ በወረቀቷ ውስጥ ነበረች። ባሕር ከየትኛው ንብብር እንዳወጣት፣ አሸዋው ላይ ስንት ዘመን እንደተንከባለለች የሚያሳይ ጉድጓድ የላትም። የድዷን ቁስል ተሸክማ መጣች፤ የድንጋይ ድዷን ግን የሚያውቅ የለም። የልጁ ድንጋይ ጥርስ አይደለም፤ ቤቱ ግን ይታወቃል።

ሹፌሩ ክላክስ ነፋ። የጠየቀኝን ዋጋ ከፍዬ ድንጋዩ እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ እንዲቀር ለመንኩት። ልጁ ገንዘቡን አየ፤ ድንጋዩን አየ፤ እኔን አየ። «እሺ ጋሼ» አለ።

መኪናው ጥምዙን ሲይዝ በመስኮት ዞር ብዬ አየሁ። ከኋላችን ሌላ መኪና ሊቆም ፍጥነቱን ይቀንሳል። ልጁ ጋቢውን ሰብስቦ፣ ጣቱን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ፣ ጥርሷን መልሶ እየነቀላት ነበር።